እግር ይቅደም፣ ክንድ ይቆይ፦ ከልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ እንቅስቃሴ መመለስ

የልብ ቫልቭ (በልብ ውስጥ የደሙን መተላለፊያ የሚከፍትና የሚዘጋ በር) ቀዶ ሕክምና አድርጎ ጅማ የገባ ሰው ቤቱ ሲደርስ ሁለት ስህተት ይጠብቀዋል። መጀመሪያ ዘመድ አዝማድ እንደ አራስ አስተኝቶ አጥሚቱንና ገንፎውን እያቀረበ «አትነሳ፣ ልብህን እኮ ነው!» ይለዋል። ሦስት አራት ሳምንት አልፎት ሲሻለው ደግሞ ማንም ሳያየው በር ላይ የተቀመጠውን ጀሪካን ብድግ ያደርጋል። መሥራት የነበረበት እግር ተኝቶ ከረመ፤ ማረፍ የነበረበት ክንድ ሠራ። ከዚህ በታች ያለው ምክር በአብዛኛው ይህን ቅደም ተከተል ለማስተካከል ነው።

በአገራችን ቫልቭ የሚያበላሸው ሕመም በአብዛኛው በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም የሚነሳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፤ ሥራው፣ ትምህርቱ፣ ልጁ ይጠብቀዋል። መመሪያው የተጻፈው ደረቱ መሀል ለመሀል ተከፍቶ ቫልቩ ለተጠገነለት ወይም ለተቀየረለት ዐዋቂ ነው። በጎድን አጥንት መካከል በጠባብ ቀዳዳ የተሠራለት ሰው የክንድ ገደቡ ያጥርለታል። በብሽሽት ደም ሥር በኩል በገባ በሚነፋ ትንሽ ባሉን ቫልቩ የተከፈተለት ደግሞ ደረቱ ስላልተነካ፣ አንድ ሳምንት ያህል ከባድ ዕቃ ባያነሳ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ሐኪምዎ ከዚህ የተለየ ካዘዘዎት የሐኪምዎ ቃል ይበልጣል። ሳምንት የሚቆጠረው ከቀዶ ሕክምናው ቀን ጀምሮ እንጂ ከሆስፒታል ከወጡበት ቀን አይደለም።

እግርና ክንድ ለምን ተለያዩ?

በቀዶ ሕክምናው የደረት አጥንት ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ይሰነጠቅና ሲያበቃ በብረት ሽቦ ይታሰራል። ሽቦው ዕድሜ ልክ እዚያው ይቀራል። አጥንቱ ለመያያዝ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅበታል፤ ለከባድ ሥራ የሚበቃው በ12 ሳምንት ገደማ ነው። ስኳር ያለበት፣ የሚያጨስ ወይም በጣም የወፈረ ሰው ከዚህም ይዘገያል። ትልልቆቹ የደረት ጡንቻዎች ከዚሁ አጥንት ተነስተው ወደ ግራና ቀኝ ክንድ ስለሚሄዱ፣ ስንጎትት፣ ስንገፋ ወይም በእጃችን ተደግፈን ስንነሳ የአጥንቱን ሁለት ግማሽ ወደየጎናቸው ይስባሉ። ጉልበቱ ከበዛና ከተደጋገመ ሽቦው አጥንቱን እየቆረጠ ይላላል።

መራመድ ግን ለዚህ አጥንት ምንም ሸክም አይሆንም። የሚጎዳው አለመራመድ ነው። የተኛ ሰው የጭን ጡንቻው በቀናት ውስጥ መሟሸሽ ይጀምራል፤ በባት ውስጥ ደም ይረጋል፤ የሳንባው የታችኛው ክፍል ሳይነፋ ይቀርና አክታ ተጠራቅሞ ወደ ሳምባ ምች ይሄዳል።

ልብ ሦስተኛው ጉዳይ ነው። ቫልቩ በጥቂት ሰዓት ተቀየረ፤ ነገር ግን በጠባብ ወይም በሚያፈስ ቫልቭ ምክንያት ለዓመታት የሰፋው የልብ ክፍል፣ በሳንባ ደም ሥሮች ውስጥም የጨመረው ግፊት በዚያው ቀን አይመለሱም። ወራት ይወስዳሉ፤ ለአንዳንዱ ሰው ዓመት። በዚያ ላይ በቀዶ ሕክምናው የፈሰሰው ደም እስኪተካ ደም ማነስ ይኖራል። በ3ኛው ሳምንት ትንሽ ተራምደው ልብዎ ድው ድው ቢል ቫልቩ ተበላሸ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የደም ማነሱ ነው። በቀጣዩ ቀጠሮ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስ መለኪያ) ይለካልኝ ይበሉ።

በየጠዋቱ የሚደረግ የ5 ደቂቃ ምርመራ

አንድ ደብተር፣ አንድ ሚዛን፣ ባለ ሰከንድ ሰዓትና ቴርሞሜትር ይበቃሉ። ሚዛኑ ሁልጊዜ ያው አንዱ ይሁን፤ የራስዎ ከሌለ ሰፈርዎ ያለውን ፋርማሲ ይምረጡና አይለዋውጡ።

ክብደት፦ ጠዋት ሽንት ከሸኑ በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በተመሳሳይ ቀለል ያለ ልብስ ይመዘኑ። በአንድ ቀን ከ1 ኪሎ በላይ፣ ወይም በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመሩ ውኃ እየያዙ እንጂ እየወፈሩ አይደለም። የዚያን ቀን እንቅስቃሴ ይቅር፤ ለሚከታተሉበት ክሊኒክ ይደውሉ።

የልብ ምት፦ 5 ደቂቃ ከተቀመጡ በኋላ በአውራ ጣት በኩል ያለውን የእጅ አንጓ በሁለት ጣት ይዘው ሙሉ 60 ሰከንድ ይቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለእርስዎ አይሠራም፤ ምክንያቱም ከቫልቭ ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ቀናት ከ3 ሰው የአንዱ ገደማ ልብ ምቱ ይዛባል፣ የሩማቲክ ሕመምተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከበፊቱም ምቱ የተዛባ ነው። በዕረፍት ላይ ከ100 በላይ ከሆነ የዚያን ቀን ግማሹን ብቻ ይራመዱ። ከ120 በላይ ከሆነ፣ ወይም ትናንት እኩል ይመታ የነበረው ዛሬ ከተዘበራረቀ፣ ከቤት ሳይወጡ ወደ ሕክምና ይደውሉ።

ቁስሉን በመስታወት ይዩት፤ ቀልቶ፣ አብጦ ወይም እርጥበት አውጥቶ እንደሆነ ያስተውሉ። ቁርጭምጭሚትዎን በጣት ተጭነው ይልቀቁ፤ ጉድጓድ ከቀረ ይመዝገብ። ብርድ ብርድ ካለዎት ሙቀትዎን ይለኩ።

ከአልጋ አነሳስ

ብዙ ደረት የሚጎዳው መንገድ ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ ነው። በጀርባዎ ተኝተው በሁለት እጅ ፍራሹን ገፍተው አይነሱ፤ ሰውም እጅዎን ይዞ አይጎትትዎት። ጉልበትዎን አጥፈው ሁለቱን እጅ ደረትዎ ላይ ያቅፉ፤ ትከሻና ዳሌ እኩል እየዞሩ በጎንዎ ይተኙ፤ እግርዎን ከአልጋው ጠርዝ ያውርዱ። የእግሩ ክብደት ወደ ታች ሲስብ የላይኛው ሰውነት በራሱ ጊዜ ይነሳል፤ የታችኛው ክርን በቀላሉ ቢያግዝ አይጎዳም። ሲቀመጡ 1 ደቂቃ ይቆዩ። የደም ግፊትና የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው በአንዴ ብድግ ሲል ያዞረዋል፤ ደም ማቅጠኛ እየወሰዱ ወድቆ ጭንቅላትን መመታት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ከወንበር ሲነሱም እንዲሁ ነው፦ ወደ ጠርዙ ይጠጉ፣ እግርዎን ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ፣ አፍንጫዎ ከጉልበትዎ እስኪያልፍ ያዘንብሉ፣ በጭንዎ ይነሱ። ይህን በቀን 2 ጊዜ፣ በየጊዜው 5 ጊዜ እየደጋገሙ መሥራት ራሱ የመጀመሪያው የጡንቻ ስፖርት ነው፤ ቀስ በቀስ ወደ 10 ያሳድጉት። ቡና ሲፈላ በዝቅተኛ በርጩማ ላይ መቀመጥ ለ8 ሳምንት ይቅርብዎት። መቀመጡ አይደለም ችግሩ፤ ሲነሱ እጅ መሬት መደገፉ አይቀርም።

ከሆስፒታል የተሰጠዎት ባለ 3 ኳስ ፕላስቲክ ካለ አይጣሉት። ብዙ ሰው ይነፋበታል፤ መሣሪያው ግን የሚሳብ እንጂ የሚነፋ አይደለም። ቀና ብለው ተቀምጠው ቀስ አድርገው ይሳቡ፣ 3 ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ። ነቅተው ባሉበት በየሰዓቱ 10 ጊዜ፣ ለመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንታት። ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ትራስ ደረትዎ ላይ አቅፈው ይጫኑ። ሴቶች ከፊት የሚቆለፍ፣ ብረት የሌለው ለስላሳ ጡት ማስያዣ ቀንም ሌሊትም ቢያደርጉ የጡት ክብደት ቁስሉን እንዳይስበው ይረዳል።

ከ2ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት፦ መራመድ ብቻ

በሜዳማ መንገድ ይሂዱ። ጅማ ለዚህ ትመቻለች፤ መሀል ከተማው በአብዛኛው ለጥ ያለ ነው፤ ሽቅቡ ያለው ወደ ጅሬን በኩል ነው። ቤት በገቡበት የመጀመሪያው ሳምንት ግን ከግቢ አይውጡ፤ በረንዳና ግቢ ይበቃል። ቀጥሎ ኮብልስቶን የተነጠፈበትን የሰፈር መንገድ ይያዙ፤ ድንጋዩ ሲዘንብ ስለሚያዳልጥ የጎማ ሶል ያለው የተዘጋ ጫማ እንጂ ነጠላ ጫማ አይሁን።

ጊዜው እንዲህ ይደግ፦

2ኛ ሳምንት፦ 5 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ
3ኛ ሳምንት፦ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን 3 ጊዜ
4ኛ ሳምንት፦ 15 ደቂቃ፣ በቀን 2 ጊዜ
5ኛ ሳምንት፦ 20 ደቂቃ፣ በቀን 2 ጊዜ
6ኛ ሳምንት፦ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፣ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ

ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ የመጀመሪያውና የመጨረሻው 5 ደቂቃ ዝግ ያለ ይሁን። እርምጃን በአንዴ አቁሞ መቀመጥ ደሙን እግር ላይ ያስቀረዋል፤ ያኔ ነው የሚያዞረው። ምግብ ከበሉ ቢያንስ 1 ሰዓት ይጠብቁ። በበጋ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፣ ባጃጁም ገና አልበዛም። ክረምት ሲገባ፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጭቃው ለደም ማቅጠኛ ተጠቃሚ አደገኛ ስለሆነ በረንዳ ላይ መመላለስ ይሻላል። በ10 ሜትር በረንዳ ላይ 30 ምልልስ 600 ሜትር ነው፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል።

ፍጥነቱን የሚለካው ወሬ ነው። እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻሉ ልክ ነው። በሁለት ቃል መሀል ከተነፈሱ ቀንሱ ማለት ነው። የልብ ምቱም ከዕረፍቱ በ30 ምት አይበልጥ፤ ከቆሙ በ10 ደቂቃ ውስጥም ወደነበረበት ይጠጋ። ሜቶፕሮሎል፣ አቴኖሎል ወይም ቢሶፕሮሎል የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ ምቱን ስለሚይዘው ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊያታልልዎት ይችላል፤ ያኔ ወሬውን እንጂ ቁጥሩን አይመኑ።

እዚህ ደረጃ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲሄድ ነው፤ ደህና ነኝ እያለ ርቆ ይሄድና መመለሻው ይከብደዋል። ለ20 ደቂቃ ከወጡ በ10ኛው ደቂቃ ይመለሱ፤ የጀመሩት ቢጥምዎትም። ለባጃጅ የሚሆን ብር፣ ስልክ፣ እንዲሁም የቫልቭዎን ዓይነት፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና የአይ ኤን አር (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳይ ቁጥር) ግብዎን የያዘ ካርድ ኪስዎ ውስጥ ይሁን። ሌላው ስህተት «የጥሩ ቀን» ስህተት ነው፦ ዛሬ ሻል ስላለኝ የሁለት ሳምንቱን በአንዴ ልጨርስ ማለት። ልክ መሥራትዎን የሚነግርዎት የነገው ቀን ነው። በማግስቱ ሰውነትዎ ዝሎ ከዋለ፣ ወይም እንቅልፍ ነስቶዎት ካደረ፣ ወደ ቀደመው ሳምንት ይመለሱ።

ባጃጅ ላይ መሳፈር ከ2ኛው ሳምንት በኋላ አይከለከልም፤ መሀል ይቀመጡ፣ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ደረትዎ ላይ ይያዙ፣ ሹፌሩም ጉድጓዱን ቀስ እንዲል ይንገሩት። መኪና መንዳት ከ6ኛው፣ ሞተር ሳይክል ከ12ኛው ሳምንት በፊት አይሞከርም።

ክንድ ምን ይፈቀድለታል?

እስከ 8ኛው ሳምንት ድረስ በሁለት እጅ ተደምሮ ከ4 ወይም 5 ኪሎ አይበልጥ፤ እሱም ከሰውነት ተጠግቶ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ የ1 ዓመት ሕፃን 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ልጅዎን ማቀፍ ከፈለጉ ተቀምጠው ሌላ ሰው ጭንዎ ላይ ያስቀምጥልዎት። ሊጥ ማቡካት፣ ልብስ በእጅ ማሸትና መጭመቅ፣ ወለል መወልወል፣ የከበደ የብረት በር መግፋት ክብደታቸው ባይታይም ደረት የሚጎትቱ ናቸው። ቡና መቁላት ይቻላል፤ ጭሱ እንዳያፍን በር ከፍተው። ቡና መውቀጥ ግን አይቻልም፤ ዘነዘናውን ከፍ አድርጎ በአንድ ክንድ መምታት ለተሰነጠቀ አጥንት ከሁሉም የከፋው ስለሆነ ከ12ኛው ሳምንት በኋላ በመጨረሻ የሚመለስ ሥራ ነው።

ይህ ማለት ክንድ ይታሰር ማለት አይደለም። ትከሻውን አቅፎ አጎንብሶ የሚሄድ ሰው በ2 ወር ውስጥ ትከሻው ይደርቅና አንገቱን ያመዋል። በቀን 2 ጊዜ፦ ትከሻን ወደ ኋላ 5 ጊዜ ማዞር፤ ሁለቱን ክንድ እኩል ከፊት እስከ ትከሻ ቁመት 5 ጊዜ ማንሳት፤ ሳያምም ከሆነ ደግሞ እስከ ራስ በላይ። ሁለቱም እኩል ይንቀሳቀሱ፤ አንዱ ብቻ ወደ ኋላ ሲዘረጋ አጥንቱን ያጣምማል። ሲንቀሳቀሱ ደረትዎ ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ወይም መንሸራተት ከተሰማዎት ክንዱን ያቁሙና በዚያው ሳምንት ይታዩ። በቀኝና በግራ መዳፍ ደረቱን ይዘው ሲያስሉ አጥንቱ እንደሚላወስ ከተሰማዎት ቀጠሮ አይጠብቁ።

ስግደት፣ ሶላትና ጾም

ይህን የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ ሐኪም ቤት ግን ሳይነሳ ይቀራል። በሱጁድም ሆነ በስግደት ሲነሱ መሬት የሚገፋው እጅ ብዙ የሰውነት ክብደት ይሸከማል። እስከ 12ኛው ሳምንት ሶላት በወንበር፣ ስግደትም ቆሞ ጎንበስ በማለት ይሁን። በሕማማት ሳምንት፣ በተለይ በስቅለት ዕለት፣ በመቶ የሚቆጠር ስግደት ልማድ ነው፤ ከ3 ወር በኋላም ቢሆን ከ5 ጀምረው በየቀኑ ጥቂት እየጨመሩ ይለማመዱት እንጂ በአንድ ቀን አይድረሱበት። ረጅም ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፈው ቆመው ከሆነ ባትዎን ያንቀሳቅሱ፤ ከደከመዎት ይቀመጡ።

ላሲክስ ወይም ሌላ የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ከተራመደ ግፊቱ ይወርዳል፣ ኩላሊቱም ይጎዳል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ረመዳን ወይም ሑዳዴ ከገባ መጾምዎን ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት፤ ለታመመ ሰው በሁለቱም እምነት ፈቃድ አለ። ከዚያ በኋላ የሚጾም ሰው ከኢፍጣር 1 ሰዓት ተኩል በኋላ ቢራመድ ይሻላል። ዋርፋሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ ማታ የሚወሰድ ከሆነ ከኢፍጣር ጋር ስለሚገጥም ሰዓቱን መቀየር አያስፈልግም።

ዋርፋሪንና እንቅስቃሴ

ብረት ቫልቭ ያለው ሰው ዋርፋሪን ዕድሜ ልክ ይወስዳል፤ ከእንስሳ አካል የተሠራ ቫልቭ የተገጠመለት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር። የተለመደው የአይ ኤን አር ግብ ለሚትራል (በግራ ልብ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ላለው) ብረት ቫልቭ ከ2.5 እስከ 3.5፣ ለአኦርቲክ (ከልብ ወደ ዋናው ደም ቧንቧ ለሚከፈተው) ብረት ቫልቭ ከ2 እስከ 3 ነው፤ የእርስዎን ከካርድዎ ላይ ያረጋግጡ። አይ ኤን አር ከግቡ በጣም ከፍ ብሎ ሳለ ሩጫም ሆነ ክብደት አይሠራም፤ ዝቅ ብሎ ሳለ ደግሞ አደጋው ቫልቩ ላይ ደም መርጋቱ ነው።

እንቅስቃሴ በቋሚነት ሲጨመር አይ ኤን አሩ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራምዎን ከፍ ባደረጉ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ያስለኩ። ጎመንና ቆስጣ አይከለከሉም፤ ጣጣው መጠኑ ሲለዋወጥ ነው። ፋሲካ ሲፈታ ጎመኑ ቀርቶ ሥጋ ሲተካ ቁጥሩ የሚዘልለው ለዚህ ነው። ለጡንቻ ሕመም ዲክሎፈናክና አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጉት ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ይቀጥላል፤ ቫልቩ ቢቀየርም የሩማቲክ ትኩሳት ተመልሶ ሌላውን ቫልቭ ሊያጠቃ ይችላል። የተወጉ ዕለት ቀለል ያለ እርምጃ ብቻ ያድርጉ፤ የተወጉበት ቦታ እየጠነከረና እያበጠ ከሄደ ያሳዩት።

ስለ ጫት፦ በጅማ ሳይነሳ አይታለፍም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። በምርቃና ላይ ያለ ሰው ድካሙን አይሰማውም፤ ሰውነቱ «ቁም» ሲለው አይሰማም። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ፈጽሞ ይቅር፤ ከዚያም በኋላ ባይመለሱበት ይመረጣል። ቡና በቀን 1 ወይም 2 ስኒ ለአብዛኛው ሰው ችግር የለውም፤ ከጠጡ በኋላ ልብዎ የሚዘባረቅ ከሆነ ግን ይተዉት።

የ6ኛው ሳምንት ቀጠሮ

ከዚህ ቀጠሮ በፊት ከመራመድና ከላይ ከተጠቀሱት ቀላል ልምምዶች ያለፈ ነገር አይጀመርም። ክትትልዎ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ይሁን አዲስ አበባ፣ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ)፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ኤሌክትሪክ ምርመራ)፣ ሄሞግሎቢንና አይ ኤን አር ያስፈልጋሉ። ውጤቱን ብቻ ተቀብለው አይውጡ፤ እነዚህን ይጠይቁ፦ የልቤ የመግፋት አቅም ስንት ነው? አዲሱ ቫልቭ በደንብ ይከፈታል? የሳንባው ግፊት ወርዷል? ምቴ እኩል ነው? ደረቴ ይዟል? የመግፋት አቅሙ ከ40 በመቶ በታች ከሆነ፣ ወይም የሳንባ ግፊቱ አሁንም ከፍ ያለ ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ክፍል ለእርስዎ በእጥፍ ጊዜና በሐኪም ክትትል የሚሠራ ነው።

ቀጠሮው አዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየ1 ሰዓት ተኩሉ ወርደው 5 ደቂቃ ይራመዱ፤ ተቀምጠውም እግርዎን ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። የሚያሸና መድኃኒት ለመንገድ ብለው በራስዎ አይዝለሉ፤ ሰዓቱን ማሸጋሸግ ይቻል እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ ሲደርሱ ያው እርምጃ ትንሽ ቢከብድዎት አይደንግጡ።

በዚሁ ሳምንት አቅምዎን ይለኩ። ለጥ ባለ ቦታ 30 ሜትር ገመድ ዘርግተው ሁለቱን ጫፍ ምልክት ያድርጉ። 6 ደቂቃ ሳይሮጡ፣ በሚችሉት ፍጥነት ይመላለሱ፤ ከደከመዎት ቆመው ያርፉ፣ ሰዓቱ ግን አይቁም። ምልልሱን ቆጥረው ሜትሩን ይጻፉ፣ በየወሩ ይድገሙት። ከ30 ሜትር በላይ ጭማሪ እውነተኛ ለውጥ ነው። ቅናሽ ከታየ ሰበብ አይፈልጉለት፤ ለሐኪም ይንገሩ።

ከ7ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት

አሁን ከጊዜው ይልቅ ፍጥነቱ ይደግ። በሳምንት 5 ቀን፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፤ መሀሉ ላይ 2 ደቂቃ ፈጠን፣ 3 ደቂቃ ዝግ፣ እየተፈራረቀ። የሳምንቱ ግብ 150 ደቂቃ ነው። ደረጃ በ1 ፎቅ ይጀመር፤ ሲወጡ ይተንፍሱ እንጂ ትንፋሽ አይያዙ። ከ8ኛው ሳምንት በኋላ ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላ ሀይላንድ በየእጅዎ ይያዙ፣ እሱም ግማሽ ኪሎ ነው። ክርን ማጠፍና ወደ ጎን ማንሳት፣ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በሳምንት 2 ቀን። ሲያነሱ ትንፋሽዎን ያውጡ፤ አምቆ ማንሳት ግፊቱን በአንዴ ያንረዋል።

ከ3 ወር በኋላ

ጀሪካን ከ5 ሊትር ተጀምሮ በየሳምንቱ ጥቂት ይጨመርበታል፤ ባለ 20 ሊትሩን ሞልቶ ከመሸከም ግን በ2 ጉዞ ማምጣት ሁልጊዜም ይሻላል። ብስክሌት ይፈቀዳል። ፑሽ አፕና የጂም ክብደት ሐኪሙ ደረትዎን ነካክቶ ከፈቀደ በኋላ ነው፤ ዋናው ደም ቧንቧዎም ከቫልቩ ጋር ተሠርቶ ከሆነ ከባድ ክብደት ለዘለቄታው ይቅር። ሶምሶማ የሚፈልግ 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 6 ጊዜ ብሎ ይጀምር፤ ደረጃውን የጠበቀ የስታዲየም መሮጫ አንድ ዙር 400 ሜትር ስለሆነ መለካቱ ቀላል ነው። የብረት ቫልቩ ድምፅ ሲሮጡ ቢፈጥንና ቢጎላ ጤናማ ነው፤ በሩጫም አያልቅም።

የእግር ኳስ ግጥሚያ ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው አይመከርም። ኳሱ ራሱ አይደለም፤ ግጭቱና በቴስታ መግጨቱ ነው። ሜዳ የናፈቀው ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ይቀባበል፣ ያሰልጥን፣ ይዳኝ።

ወደ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ያለው ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሽቅብ፣ ብዙ ሰው ልቡን የሚፈትንበት መንገድ ነው። መጀመሪያ ባጃጅ ይዘው ወጥተው ቁልቁሉን ብቻ ይራመዱ፤ ጉልበት ላይ ቢከብድም ለልብ ቀላል ነው። ቀጥሎ የሽቅቡን 10 ደቂቃ ወጥተው ይመለሱ፣ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ። ሽቅብ ላይ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሱ። ሜዳ ላይ የሚሠራው የወሬ መለኪያ እዚህም ያው ነው።

ወዲያው ቆመው ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄዱባቸው

ተቀምጠው የማይቆም የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር። ራስን መሳት። አፍ መጣመም፣ አንድ እጅ ወይም እግር መዛል፣ ምላስ መተሳሰር፤ ለደቂቃ ሆኖ ቢለቅም እንኳ። የብረት ቫልቩ «ቲክ ቲክ» ድምፅ መጥፋት ወይም መታፈን፣ በተለይ ከትንፋሽ ማጠር ጋር። ዋርፋሪን እየወሰዱ ጭንቅላትዎን መመታት፤ ምንም ሳይሰማዎትም ይታዩ። የማይቆም ነስር፣ ጥቁር ሰገራ፣ ቀይ ሽንት። ጠፍጣፋ ሲተኙ ማፈን፣ ሌሊት ተነስቶ አየር መፈለግ።

ሲቋረጥ እንዴት ይመለሳሉ?

ለቅሶ፣ ሰርግ፣ ጉንፋን ያቋርጣል። 3 ቀን ከሆነ ካቆሙበት ይቀጥሉ። አንድ ሳምንት ከሆነ ከነበሩበት አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ይመለሱ። ከ2 ሳምንት በላይ ከሆነ በግማሹ ጊዜ ጀምረው በ2 ሳምንት ወደ ቦታዎ ይድረሱ።

ትኩሳት ያቋረጠው ግን ለብቻው ይታያል። ሙቀትዎ 38 ከደረሰ አይራመዱ፤ ከፋርማሲም አንቲባዮቲክ ገዝተው አይጀምሩ። አዲስ ቫልቭ ላይ ተሕዋስ ሊያርፍ ይችላል፤ የሚገኘውም በደም ካልቸር (የደም ናሙና ላይ ተሕዋስ አሳድጎ በሚፈልግ ምርመራ) ነው። ናሙናው ሳይወሰድ የተዋጠ አንቲባዮቲክ ተሕዋሱን ሳያጠፋ ይደብቀዋል፣ ምርመራውም ባዶ ይወጣል። ደሙ ተመርምሮ፣ ኢኮውም ታይቶ ቫልቩ ነጻ ነው ከተባለና ሙቀቱ ያለ መድኃኒት ሳይመለስ ጥቂት ቀን ከቆየ፣ በ10 ደቂቃ እርምጃ ይጀምሩ።